የሙቀት ግልበጣ ምንድን ነው?

ኅዳር 12 ማለዳ ከሽሮ ሜዳ በላይ ወደ እንጦጦ ወጣ ብሎ ቁልቁል የተመለከተ ሰው አዲስ አበባን አያገኛትም። የሚያየው ግራጫ ምንጣፍ ነው፤ ከምንጣፉ ሥር አራት ኪሎም መርካቶም ቦሌም ተኝተዋል። ዕለቱ "ኅዳር ሲታጠን" ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለው፣ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ በየደጁ ይነዳል። መጥፎውን አየር በጭስ ማባረር ነው ሐሳቡ።

ጭሱ ግን የትም አይሄድም። ልማዱ የወደቀው አየር ጭስ አልሸከምም በሚልበት ወር ላይ ነው። ይህን እምቢታ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች "ቴምፕሬቸር ኢንቨርዥን" ይሉታል፤ በአማርኛ የሙቀት ግልበጣ ብንለው ያስኬዳል። ግልበጣ ሲባል ወታደርና ሬዲዮ ጣቢያ ትዝ የሚለው አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ እዚህ የሚገለበጠው የአየር ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይበርዳል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል፤ አዳማ በሸሚዝ የዋለ ሰው እንጦጦ ላይ ጋቢ የሚያምረው ለዚህ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ መሬትን ታሞቃለች፣ መሬት ደግሞ በላይዋ ያለውን አየር። የሞቀ አየር ቀላል ነውና የምድጃውን ጭስ፣ የመንገዱን አቧራ፣ የመኪናውን ጥቀርሻ ተሸክሞ ይነሣል፤ ከላይ ካለው ሰፊ አየር ጋር ተቀላቅሎም ይሳሳል።

ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከፊሉን ይመልስላታል። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋስም ያንቀላፋል። ከተማዋ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ከላይዋ ያለው አየር ራሱ ስስ ነው፤ ሙቀቱን አቅፎ የሚያስቀርላት ነገር የለም። መሬቷ ቶሎ ትቀዘቅዛለች፣ የነካችውንም አየር ታቀዘቅዘዋለች። ንጋት ላይ በእግራችን አጠገብ ያለው አየር ከጣሪያችን በላይ ካለው ይበርዳል። ተገለበጠ ማለት ይኸው ነው። ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ከታች ተኝቷል፣ ቀላሉ ሞቃት አየር ከላይ። ከታች የሚነሣ ጭስ ሞቃቱ ሽፋን ዘንድ ሲደርስ በዙሪያው ካለው አየር የሚቀልበት ምክንያት ያበቃል፤ እዚያው ቆሞ ወደ ጎን ይዘረጋል። ሽፋኑ አንዳንዴ ከምድር ጥቂት አሥር ሜትሮችን፣ አንዳንዴም ጥቂት መቶ ሜትሮችን ብቻ ከፍ ይላል። በሁለት ሺህ ሜትር ውፍረት ውስጥ ይበተን የነበረ ጭስ በመቶ ሜትር ውስጥ ሲታሸግ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ኅዳር ላይ የሚያፍነን ከሌላው ወር የበለጠ ስላጨስን ላይሆን ይችላል፤ የዘወትሩ ጭስ መውጫ ሲያጣም እንዲሁ ነው።

የደጋ ገበሬ ይህን ነገር ስም ሳያወጣለት ያውቀዋል። ውርጭ የሚመታው ረባዳውን ማሳ ነው። ተዳፋቱ ላይ ያለው ባቄላ አረንጓዴ እንደሆነ ሲያነጋ፣ ከታች ሜዳው ላይ ያለው ጠቁሮ ያድራል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይተኛል። ያው ብርድ ነው ባቄላውን የገደለው፣ ያው ብርድ ነው አዲስ አበባ ላይ ጭሱን የሚያስተኛው።

የከተማዋ አቀማመጥ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚቆመው እንጦጦ አለ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር። የእንጦጦ ብርድ ሌሊቱን በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ሸለቆ ተከትሎ ወደ መሀል ከተማ፣ ከዚያም ወደ አቃቂ ይወርዳል። በዚህ ላይ የማለዳው ሥራ ይጨመርበታል። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ያረጁ ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች ሞተራቸውን ያሞቃሉ፣ ተማሪው በመንገድ ዳር ይተምማል። ሽፋኑ ከሁሉ በላይ ዝቅ የሚለውም በዚሁ ሰዓት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ነገር ግን ቀድመው የገቡት እስኪያረጁ ገና ብዙ ኅዳር አለ።

በዚያ አየር ውስጥ ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ዓይን የሚያየው አቧራ አይደለም። ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ ከፀጉር ዘለላ በሃያ እጥፍ ገደማ የቀጠኑ ብናኞች ናቸው፤ አፍንጫም ጉሮሮም ሳያግዳቸው ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዓመት አማካያቸው በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አዲስ አበባ ላይ የተለካው ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ለዓመታት ውጤቱን በየሰዓቱ በይፋ ያሳይ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ግን ኤምባሲዎቹ መረጃውን ማጋራት አቆሙ።

እንግዲህ ክረምት ሲገባ ይጠራል ብሎ መደምደም ያጓጓል። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ዝናብ አቧራውን በእርግጥ አጥቦ ያወርዳል። ደቃቁ የጭስ ብናኝ ግን በጠብታዎቹ መካከል እየሾለከ ይቀራል፤ ትልልቁን ያህል አይታጠብም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ደመናው ፀሐይን ስለሚጋርድ መሬቱ አይሞቅም፣ አየሩም እንደ በጋ ቀትር ከፍ ብሎ አይነሣም። እንጨቱ እርጥብ፣ ቤቱ ዝግ ነው። በከተማዋ የተካሄዱ ልኬቶች በክረምት ወራት ከፍተኛ የብናኝ መጠን ማሳየታቸው ብዙ ሰው ያስገርማል። ሁለቱ ወቅቶች የሚያፍኑበት መንገድ ይለያያል፤ በጋው በማለዳ ያፍንና ቀትር ላይ ይለቅቃል፣ ክረምቱ ቀኑን ሙሉ በስሱ ያቆየዋል።

ለጤና ብዬ በ12 ሰዓት ተነሥቼ አስፋልት ዳር መሮጥ የተውኩት ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው። አሁን ከመውጣቴ በፊት ከጎረቤት ማጀት የሚወጣውን ጭስ አያለሁ። ግልበጣው ካለ ቀጭኑ ጭስ ቀጥ ብሎ ጥቂት ይወጣና፣ የማይታይ ጣሪያ እንደነካ ሁሉ ጠፍጣፋ ሆኖ በጎን ይነጠፋል። ፀሐይዋ በርትታ መሬቱን ስታሞቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ያ ዝርግ ጭስ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ይበጣጠሳል፣ ከዚያ ወደ ላይ መንገዱን ያገኛል። ጫማዬን የማስረው ያኔ ነው።