«ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት»፦ በሌሊት አውቶቡስ የተገናኙ ሁለት ኮብላዮች

«ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» በየካቲት 1934 ለሕዝብ የቀረበ የሆሊውድ ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራ፣ የፊልም ጽሑፉ ደራሲ ሮበርት ሪስኪን፣ ዋና ተዋንያኑ ክላርክ ጌብልና ክላውዴት ኮልበርት፣ አሠሪው ኩባንያ ደግሞ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ነው። በ105 ደቂቃ ውስጥ፣ ከአባቷ የኮበለለች የባለጸጋ ልጅና ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ ከማያሚ እስከ ኒው ዮርክ አብረው ሲሸሹ ያሳያል። አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች ጠራርጎ የወሰደ የመጀመሪያው ፊልምም እርሱ ነው። እኔ ግን ከሽልማቱ በላይ የምወድለት ሌላ ነገር አለ። ስለ ገንዘብ እጦት፣ ስለ ረሃብና ማደሪያ ስለማጣት ይህን ያህል በእውነት እየተናገረ ይህን ያህል የሚያስቅ ፊልም እምብዛም አይገኝም።

ኤሊ አንድሩስ አባቷ ያልወደደውን ኪንግ ዌስትሊ የተባለ አውሮፕላን አብራሪ በድብቅ አግብታለች። አባትየው ጋብቻውን እስኪያፈርስ ድረስ በማያሚ ወደብ በመዝናኛ መርከቡ ላይ ይዟታል። እህል አልቀምስም ብላ ታምፃለች፤ ጭቅጭቁ ሲከር ባሕር ውስጥ ዘልላ እየዋኘች ታመልጣለች። አባቷ የቀጠራቸው መርማሪዎች አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ቢመጡም እንዲህ ያለች ሴት በአውቶቡስ ትሄዳለች ብለው ከልባቸው አያምኑም። እሷም በአንዲት አሮጊት እጅ ትኬት አስቆርጣ ወደ ኒው ዮርክ የሚሄደውን የሌሊት አውቶቡስ ትሳፈራለች። በዚያው አውቶቡስ ላይ በስልክ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ እንጀራውን ያጣው ፒተር ዋርን አለ። በአንድ ወንበር ይጣላሉ፣ ተጎራብተው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ በኋላ መለያየት አይሆንላቸውም።

ኤሊ ማን እንደሆነች ለማወቅ ጃክሰንቪል ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም እሷ ሆቴል ሄዳ መመገብ ስላሰኛት፣ ልትዘገይ ስለምትችል እንዲጠብቋት ለሾፌሩ ነግራ ትሄዳለች። ስትመለስ አውቶቡሱ የለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይጠብቃት የሄደ ነገር በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታይባት ግርምት ነው፣ ንዴቱ ቆይቶ ይመጣል። ፒተር ግን ጥላው የሄደችውን ትኬት ይዞ እዚያው ቆሟል፤ ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፏን አይቶ ማንነቷን ደርሶበታል። ውሉም ግልጽ ነው፦ እርሱ ዌስትሊ ዘንድ ያደርሳታል፣ እሷ ታሪኳን ለእርሱ ብቻ ትሰጠዋለች። እምቢ ካለች ለአባቷ ይደውላል። ፍቅር ከመምጣቱ በፊት በመካከላቸው ያለው ንግድ ነው፤ ፊልሙም ይህን አይሸሽግም።

ከዚያ ወዲያ ታሪኩ የሚንቀሳቀሰው በሒሳብ ነው። ሻንጣዋ ተሰርቋል፤ የቀራትን ጥቂት ገንዘብ ቸኮሌት ልትገዛበት ስትል ፒተር ይከለክላትና በጀቱን በእጁ ያስገባል። ዝናብ መንገዱን ሲዘጋባቸው ለሁለት የተለያየ ክፍል የሚበቃ ገንዘብ ስለሌላቸው፣ በመንገደኞች ማደሪያ ባልና ሚስት ነን ብለው በሁለት ዶላር አንዲት ጎጆ ይከራያሉ። ፒተር በመካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልበትና «የኢያሪኮ ግንብ» የሚል ስም ያወጣለታል። መጽሐፈ ኢያሱን ያነበበ ሰው ግንቡ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ይገምታል፤ ካፕራም ተመልካቹ እንዲገምት ፈልጓል። ብርድ ልብሱ ላይ የሚያርፈው የዝናብ ጥላ፣ ከወዲያና ከወዲህ የሚሰማው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ የጆሴፍ ዎከር ካሜራ ከኮልበርት ዓይን ላይ የሚለቅመው ብርሃን፣ ሁሉም የሚነካካ ነገር ሳይኖር መቀራረብን ያሳያሉ። በ1930 የተጻፈው የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በጥብቅ መሠራት የጀመረው በ1934 አጋማሽ፣ ይህ ፊልም ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ያላገቡ ወንድና ሴትን በአንድ ክፍል ያሳደረው ይህ ሥራ ያለ ግሳጼ ቢያልፍም፣ በኋላ በደንቡ ሥር የሠሩ ሰዎች የተማሩት ከእርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ብርድ ልብስ ከብዙ መሳም የበለጠ እንደሚናገር አይተዋል።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪዎች በሩን ሲያንኳኩ የሚሆነው ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። ሁለቱ ሳይመካከሩ እንደ ሰለቻቸው ባልና ሚስት መጣላት ይጀምራሉ። እርሱ ይጮሃል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ አነጋገሯ የሠራተኛ ቤት ልጅ አነጋገር ሆኗል። መርማሪዎቹ አፍረው ይወጣሉ። በሩ ሲዘጋ ሁለቱም በሳቅ ይፈነዳሉ፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወገን የቆሙ ሰዎች ናቸው። ፍቅራቸው የተጀመረበትን ደቂቃ አሳየኝ የሚለኝ ቢኖር ይህንኑ አሳየዋለሁ።

ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አልነበረውም። ፊልሙ ስለዚህ ንግግር አያደርግም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ግን ችግሩ ተሳፍሯል። አንድ ሌሊት ተሳፋሪዎቹ በትራፔዝ ላይ ስለሚበረው ሰው የሚናገረውን የቆየ ዘፈን እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ፣ ሾፌሩ ሳይቀር በዜማው ይወሰድና መኪናውን ከመንገድ ያወጣዋል። ያ ጫጫታ ገና ሳይበርድ የአንድ ትንሽ ልጅ ለቅሶ ይሰማል። እናቱ በረሃብ ራሷን ስታለች። ኒው ዮርክ ሥራ አገኛለሁ ብላ ያላትን ሁሉ ለትኬት ከፍላለች፤ ለምግብ የቀራት የለም። ፒተርና ኤሊ የያዙትን ገንዘብ ለልጁ ይሰጡትና ራሳቸው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በማግሥቱ ከማሳ የተነቀለ ጥሬ ካሮት የሚበሉት፣ ጭድ ላይ የሚያድሩት በዚህ ምክንያት ነው። ኤሊ መጀመሪያ ካሮቱን አልነካም ትላለች፤ በኋላ ርቦአት ስትበላ ምንም አትናገርም። በመርከብ ላይ የቀረበላትን ሥጋ አልበላም ብላ የነበረችው ሴት ረሃብን በዚህ መንገድ ታውቀዋለች።

ታዋቂው የመኪና ማስቆም ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፒተር አውራ ጣትን በሦስት ዓይነት መንገድ አዟዙሮ መኪና እንዴት እንደሚቆም ይተነትናል፤ መኪናዎቹ ተከታትለው ያልፋሉ። ኤሊ ቀሚሷን ጥቂት ከፍ አድርጋ እግሯን ስታሳይ የመጀመሪያው መኪና ፍሬኑን ያስጮኸዋል። ካፕራ በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ ኮልበርት ይህን አላደርግም ብላ ስለነበር የሌላ ሴት እግር እንዲቀረጽ አዝዞ ነበር፤ እሷም ያን እግር ስታይ የእኔ ተብሎ አይታይም ብላ ራሷ ሠራችው።

የሥራው አጀማመር የዚህን ያህል ውጤት የሚያስጠብቅ አልነበረም። ታሪኩ የተወሰደው ሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ በ1933 በኮስሞፖሊታን መጽሔት ካሳተመው «ናይት በስ» ከተባለ አጭር ልብ ወለድ ነው። በሃሪ ኮህን የሚመራው ኮሎምቢያ በዚያ ጊዜ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ጋር የማይቆጠር፣ በአነስተኛ በጀት የሚሠራ ቤት ነበር። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሆነው ከሲሲሊ ወደ አሜሪካ የመጣው፣ የኬሚካል ምሕንድስና ተምሮ ፊልም ውስጥ የገባው ካፕራ የዚያ ቤት ዋና ባለሙያ ነው። ሮበርት ሞንትጎመሪ የወንዱን፣ ሚርና ሎይን ጨምሮ በርካታ ሴት ተዋንያን የኤሊን ሚና አንፈልግም ብለዋል። በመጨረሻ ጌብልን ከኤምጂኤም ስቱዲዮ፣ ኮልበርትን ከፓራማውንት ስቱዲዮ ተውሰው አመጡ። ኮልበርት ከካፕራ ጋር በ1927 የሠራችው ድምፅ አልባ ፊልም ስላልተሳካ ስሙን መስማት አትፈልግም ነበር። ከተለመደው ክፍያዋ እጥፍ የሆነ 50,000 ዶላር እንዲከፈላትና ቀረጻው በአራት ሳምንት እንዲያልቅ ጠየቀች፤ ሁለቱንም አገኘች። አጠቃላይ በጀቱ ወደ 325,000 ዶላር ነበር። ጥድፊያው ለፊልሙ የበጀው ይመስለኛል፤ ተዋንያኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚለብሱት ያንኑ አንድ ልብስ ነው፣ የሚያርፉባቸው ቦታዎች ተራ ናቸው፣ ንግግራቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተለማመዱት ይመስላል። ኮልበርት ቀረጻው እንዳለቀ ለወዳጆቿ በዓለም ከሁሉ የከፋውን ፊልም ሠርቼ መጣሁ ማለቷ ይነገራል።

ኒው ዮርክ በሚገኘው ሬዲዮ ሲቲ ሙዚክ ሆል ሲመረቅ ብዙ አልቆየም። ወደ ትንንሾቹ ከተሞችና ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲኒማ ቤቶች ሲወርድ ግን ያየው ላላየው እየነገረ ሕዝቡ ጎረፈለት፤ የኮሎምቢያ ትልቁ ገቢም እስከዚያን ጊዜ ይህ ሆነ። ካፕራ በ1934 በተደረገው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይ፣ አስተዋዋቂው ዊል ሮጀርስ «ና ውሰድ ፍራንክ» ሲል እርሱን የጠራ መስሎት ተነሥቶ ሲሄድ የተጠራው ፍራንክ ሎይድ ሆኖ አፍሮ ተመልሶ ነበር። በየካቲት 27 ቀን 1935 በሎስ አንጀለስ ቢልትሞር ሆቴል ግን የምርጥ ፊልም፣ የዳይሬክተር፣ የወንድ ተዋናይ፣ የሴት ተዋናይና የፊልም ጽሑፍ ሽልማቶች ሁሉም ለዚህ ፊልም ተሰጡ። ኮልበርት አላሸንፍም ብላ ወደ ኒው ዮርክ ልትሄድ ባቡር ጣቢያ ነበረች፤ ከዚያ አምጥተዋት በመንገድ ልብሷ እንዳለች ሐውልቱን ከትንሿ ሸርሊ ቴምፕል እጅ ተቀበለች። አምስቱን በአንድ ላይ የወሰደ ሌላ ፊልም እስኪመጣ 40 ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ እስከ ዛሬም በዚህ የሚስተካከሉት የ1975 እና የ1991 ሁለት ፊልሞች ብቻ ናቸው። ጌብል የተሸለመው የኦስካር ሐውልት በ1996 ለጨረታ ሲቀርብ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ በ607,500 ዶላር ገዝቶ ሽልማቱን ለሚሰጠው አካዳሚ መልሶታል።

ስለ ፊልሙ ከሚወራው ሁሉ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ወሬ አለ። ጌብል ሸሚዙን ሲያወልቅ ከሥር ካናቴራ ስላልነበረው በመላው አሜሪካ የካናቴራ ሽያጭ ወደቀ ይባላል፤ ይህን የሚያረጋግጥ የሽያጭ መዝገብ ግን ያቀረበ የለም። ይበልጥ የሚታመነው የካሮቱ ጉዳይ ነው። በግስ በኒ የተባለውን የካርቱን ጥንቸል ከፈጠሩት ሠዓሊዎች መካከል፣ ካሮት እየቀረጠፈ በፍጥነት የሚናገርበት አኳኋን ከጌብል እንደተወሰደ የመሰከሩ አሉ።

አባትየውን ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። ዋልተር ኮኖሊ የተጫወተው አንድሩስ በመጀመሪያ ልጁን በጥፊ የሚመታ ግትር ሰው ነው፤ ታሪኩ ግን ባላጋራ አድርጎ አይተወውም። ልጁን ላገኘለት 10,000 ዶላር እከፍላለሁ ብሎ በጋዜጣ አስነግሯል። ፒተር ሲመጣ ወሮታውን ሊጠይቅ የመጣ ይመስለዋል፤ ፒተር ግን በመንገድ ያወጣውን ወጪ ዘርዝሮ የሚጠይቀው 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ነው። አባትየው ይህን ወረቀት ሲያይ የሰውየውን ዋጋ ይረዳል። ከዌስትሊ ጋር ዳግመኛ እንዲፈጸም በመኖሪያ ግቢያቸው በተደገሰው ሠርግ ልጁን አጅቧት ሲራመድ፣ በጓሮ በኩል መኪና እንደቆመላት በጆሮዋ የሚነግራት እርሱ ነው፤ እሷም ረጅም ቬሏን እየጎተተች ሙሽራውን ጥላ ለሁለተኛ ጊዜ ትኮበልላለች። በዚህ ጊዜ ግን በአባቷ ፈቃድ ነው።

የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1993 ፊልሙን ለብሔራዊ ጥበቃ መርጦታል፤ የአሜሪካ ፊልም ተቋምም በ2008 ከሮማንቲክ ኮሜዲዎች ሦስተኛ አድርጎ አስቀምጦታል። ኮሎምቢያ ራሱ በ1956 ጁን አሊሰንንና ጃክ ሌመንን ይዞ በቀለምና በሙዚቃ ደግሞ ሠራው፤ ረሃቡና ዝናቡ ስለለዘበ ከዋናው አጠገብ የሚቆም አይደለም። በዚያው ዓመት ህንድ ውስጥ ራጅ ካፑርና ናርጊስ የተጫወቱበት «ቾሪ ቾሪ» ወጣ። በ1991 ደግሞ ማሄሽ ባት አሚር ካንንና ፑጃ ባትን ይዞ «ዲል ሃይ ኬ ማንታ ናሂን» በሚል ርእስ መለሰው። የህንድ ፊልም በአገራችን ብዙ ወዳጅ አለውና ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው የማያሚውን አውቶቡስ ሳያውቀው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ዋናውን ሲያይም ኮብላዮቹን እንደ ቆዩ ዘመዶች ይለያቸዋል።