የመረጃ ክህሎት ምንድን ነው? ጉግል ማድረግ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚወያይ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ ተናጋሪ «የዛሬ ተማሪ ዓለም በሙሉ ስልኩ ውስጥ ናት፤ በመረጃ ክህሎት ስም የኮርስ ሰዓት አታባክኑ» አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ግን ውስጤ ተቃጠለ። ይህን አነጋገር የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም።

እዚህ ሐዋሳ የላይብረሪ ባለሙያ ነኝ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ኮርስ የሚወስዱ ልጆች ጽሑፍ ሲያዘጋጁ አብሬያቸው ቁጭ እላለሁ። ስልክ የሌለው አንድም የለም። የሚቸግራቸው ነገር ግን ስልኩ የሚፈታው ዓይነት አይደለም።

«የመረጃ ክህሎት» የሚለውን ቃል ፖል ዙርኮውስኪ የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ጉግል ሊቋቋም ገና 24 ዓመት ይቀረው ነበር። ስለዚህ የመረጃ ክህሎት ከመጀመሪያውም ፍለጋ መቻል ብቻ አልነበረም። አንድ መረጃ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ምን ጎድሎበት እኔ ጋ እንደደረሰ መጠየቅ መቻል ነው።

አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ መግዛት ማንም ይችላል። ልምድ ያላት እናት ግን መጀመሪያ ስንጥቡን ገልጣ ቀይ መሆኑን ታያለች። ዓይኑን ታያለች። ሥጋውን በጣቷ ጫን ታደርጋለች። ከዚያ ጠዋት የወጣ ነው ወይስ ያደረ ብላ ትጠይቃለች። ዓሣው ተቆራርጦ ፊሌት ከሆነ ግን ምን ታያለች? ጭንቅላቱ የለም፤ ስንጥቡ የለም። ሻጩን ማመን ብቻ ነው የቀራት። በስልክ የምናገኘው የሥዕል ፎቶ እንደዚያ ፊሌት ነው። ማን ሣለው፣ መቼ፣ በምን ቀለም፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ ፎቶውን ማን አነሣው የሚለው ሁሉ ከጭንቅላቱ ጋር ተቆርጦ ቀርቷል። የመረጃ ክህሎት ያለው ተማሪ ጭንቅላቱን ፍለጋ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ተማሪ አፍሪካ አዳራሽ ስላለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ጽፋ መጣች። የለጠፈችው ፎቶ ቆንጆ ነው። ከሥሩ «ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር» ይላል። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ሥራው ሦስት ክፍል አለው፤ ፎቶው ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ፎቶውን ከአንድ ቦታ፣ ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ወስዳ አጋብታቸዋለች። ሁለቱም ለየብቻ ልክ ናቸው፤ ሲገናኙ ስህተት ሆኑ። ስለ ቀለሙም አንድ አንቀጽ ጽፋለች። የመስታወት ሥዕል ደግሞ ብርሃን ከጀርባው ሲመጣበት ነው የሚታየው፤ የጠዋቱና የማታው ቀለም አንድ አይደለም። ፎቶው በስንት ሰዓት እንደተነሣ ስጠይቃት ዝም አለች። ይሄ ጥያቄ ከዚያ በፊት በአእምሮዋ መጥቶ አያውቅም።

ዓመተ ምሕረትም አለ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መቼ ተከፈተ? አንዱ ተማሪ 1950 ይላል፣ ሌላው 1957፣ ሌላው 1958። ሦስቱም አንዳቸው የሌላውን እንደ ስህተት ነው የሚያዩት። በእኛ አቆጣጠር 1950 የሚጀምረው በፈረንጆቹ መስከረም 1957 ነው፤ የሚያልቀው መስከረም 1958። ቁጥሩን ከመገልበጥ በፊት «የማን አቆጣጠር ነው?» ማለት ያስፈልጋል። ይህን የማይጠይቅ ተማሪ ሠዓሊውን ገና ልጅ ሳለ ሊያስመርቀው ይችላል።

የስም ነገርማ የኛ የካታሎግ ሠራተኞች የዘወትር ራስ ምታት ነው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታን በአባቱ ስም «ደስታ» ሥር ያስቀመጠ ካታሎግ ብዙ ነው። ሌላው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ግን ቦጎሲያን ሥር ቢገኝ ልክ ነው፤ በአባቱ በኩል ከአርመኖች የሚወለድ በመሆኑ የቤተሰብ ስም ነው። በላቲን ፊደል አጻጻፋቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። በአንድ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ልጅ ከተጻፈው ብዙውን ሳያየው «ስለ እሱ የተጻፈ የለም» ብሎ ይደመድማል።

የለም ማለት ራሱ መረጃ ነው። ኩርዓተ ርእሱን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን የክርስቶስ ሥዕል፣ አስቡት። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ሥዕሉን የወሰደው ሪቻርድ ሆምስ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። ለሙዚየሙ ግን አላስረከበም፤ ለራሱ አስቀረው። ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን ላይ ለጨረታ ቀረበ። የሙዚየሙን ካታሎግ ብቻ የሚያይ ተማሪ ባዶ ገጽ ያገኛል። የት እንደደረሰ የሚረዳው ለምን እንደሌለ የጠየቀ ተማሪ ነው።

ተናጋሪው በአንድ ነገር ግን እውነት አላቸው። መስከረም ላይ የሚሰጠው የአንድ ሰዓት የላይብረሪ ገለጻ ጥቅም የለውም። ተማሪው መደርደሪያውን አይቶ ይወጣል፤ በቃ። ለዚህ መፍትሔው ክህሎቱን መጣል አይደለም። ኮርሱ ውስጥ፣ የቤት ሥራው ውስጥ መግባት አለበት፤ ነጥብም ሊያዝበት ይገባል። መምህሩና የላይብረሪ ባለሙያው የቤት ሥራውን አብረው ያውጡት። አንደኛ ዓመት ላይ የአንድ ሥዕል ሦስት ፎቶ ያምጡና ቀለሙንና የፎቶውን አቆራረጥ ያወዳድሩ። ከፍ ሲሉ የአንድ ሥራ የባለቤትነት ታሪክ ይከተሉ፤ ያገኙትን ብቻ ሳይሆን ያጡትንም ይጻፉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ የሚሠሩት ደግሞ መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ነገር ከአባቶች አፍ ይሰማሉ። እሱም ምንጭ ነው፤ ማን እንደነገራቸው፣ መቼና የት እንደሆነ መመዝገብ አለበት።

ልጅቷ በሳምንቱ ጽሑፏን ይዛ ተመለሰች። ቁጥሩ አሁንም 150 ነው፤ አጠገቡ ግን «የሦስቱም ክፍሎች ድምር» የሚል ጨምራለች። ስለ ቀለሙ የጻፈችውን አንቀጽ አውጥታዋለች። በቦታው «ፎቶው የተነሣበት ሰዓት አልተገለጸም» ብላ አንድ መስመር አስገብታለች።