የቸርኬ ኦፍሴት ምንድን ነው?

ቆየት ያለች የስፖርት መኪና ያለው ሰው አንድ ቀን ቸርኬ መቀየር ያምረዋል። ፋብሪካው የሰጠው 14 ኢንች ለዘመኑ ዓይን ቆርኪ ያክላል። ሶማሌ ተራ ይወርዳል፣ ስንት ኢንች እንደሆነ ይጠይቃል፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ከገጠመ ዋጋ ይከራከራል። ከቸርኬው ጀርባ በላቲን ፊደል «ኢቲ» ተብሎ ከጎኑ ቁጥር የተጻፈውን ግን የሚያይ ጥቂት ነው። ኦፍሴት የሚባለው እሱ ነው።

ቸርኬውን በስፋቱ ልክ ለሁለት እኩል የሚከፍል መስመር አስቡ። ቸርኬው ከመኪናው ጋር ገጥሞ በዳዶ የሚታሰርበት ፊት ከዚያ መስመር በስንት ሚሊሜትር ይርቃል? ያ ርቀት ኦፍሴቱ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል፤ ሲቀንስ ወደ ውጭ ይወጣል።

ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ቸርኬዋ 14 ኢንች፣ ስፋቱ 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45 ነው፤ ጎማው 185/60 (185 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 60 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ)። ባለቤቷ 15 ኢንች፣ ስፋቱ 7፣ ኦፍሴቱ 35 የሆነ ቸርኬ አገኘ እንበል። 195/50 ጎማ ካደረገበት ቁመቱ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ 578 ሚሊሜትር የነበረው 576 ይሆናል። ወደ ጎን ግን ሌላ ነገር ነው። ስፋቱ በ38 ሚሊሜትር ስላደገ በእያንዳንዱ በኩል 19 ይጨመራል። ኦፍሴቱ በ10 ስለቀነሰ ሁሉም ነገር በ10 ወደ ውጭ ይገፋል። በውስጥ በኩል ወደ አሞርዛተሩ የተጠጋው 9 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በውጭ በኩል 29! ሦስት ሳንቲሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው።

በነገራችን ላይ የብዙዎቹ ቪትዞች ቸርኬ በአራት ቡሎንም በመሃል ቀዳዳውም ከዚህች ማዝዳ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ግርግር ይገባል። ገባ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም።

ወደ ሞላውና አሞርዛተሩ የምንመጣው እዚህ ላይ ነው። ቆማ ስትታይ ምንም አትነካም። ከለገጣፎ አስፋልት ወጥታ ኮብልስቶን ላይ፣ ከዚያም ፒስታ ላይ ሁለት ሰው ይዛ ስትሄድ ሞላው ይጨመቃል፣ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል፣ የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን ይላጨዋል። የሰፈር ሰው በራሱ የሠራው፣ ቀለም የሌለው ብሬከር ሲመጣማ አትጠይቁኝ። መድኃኒቱ ጠንከር ያለ ሞላ ከልኩ አሞርዛተር ጋር፣ ወይም ሞላው ሲጨመቅ ቀድሞ የሚያቆመውን ትንሽ የላስቲክ መደገፊያ ረዘም ባለ መቀየር ነው። ካምበርም ይረዳል። የጎማውን አናት አንድ ዲግሪ ወደ ውስጥ ማዘንበል በዚህ ልክ ጎማ 5 ሚሊሜትር ገደማ ያተርፋል። ከልክ ካለፈ ግን የጎማው የውስጥ ጠርዝ ቶሎ ያልቃል።

ቸርኬው ትልቅ ሆኖ ስለታየ ብቻ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ ፋሽን ነው። እኔ በበኩሌ ከተማው ዳር ለሚኖር ሰው አልመክርም። ለሞላው መጨመቂያ የቀረችውን ቦታ በገዛ እጅ መጨረስ ነው።

በሞላም በአሞርዛተርም የማይታከም አንድ ነገር አለ። መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ ወደ ታች ብታስረዝሙት መሬትን የሆነ ቦታ ይነካል። ከዚያ ነጥብ እስከ ጎማው ርግጫ (መሬት የሚነካው ክፍል) መሃል ያለው ርቀት ስክረብ ራዲየስ ይባላል። ኦፍሴት በ10 ሲቀንስ ርግጫው በ10 ወደ ውጭ ይሸሻል። ከሱሉልታ በእንጦጦ ስትወርዱ አንዱ የፊት ጎማ አስፋልት ላይ፣ ሌላው ዳር ያለው ጠጠር ላይ ሆኖ ፍሬን ብትይዙ መሪው ከእጃችሁ ሊያመልጥ ይታገላችኋል። ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ፣ በመሃል የሚገባ ቀለበት) ማስገባትም ያው ኦፍሴትን መቀነስ ነው፤ የጎማው ኩሽኔታም ጫናውን ይሸከማል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፋብሪካው ቁጥር ብዙ ያልራቀ ቸርኬ ፈልጉ፤ ሞላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

17 ኢንች የሚያምረው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። በ205/40 ጎማ የጎማው ጎን ከ111 ሚሊሜትር ወደ 82 ይወርዳል። ጉድጓዱን የሚቀበለው ቸርኬው ራሱ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ክብደቱም ይጨምራል፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ አሞርዛተር ያን ጎማ መሬት ላይ መያዝ ያቅተዋል። የመኪናዋ እድሜ ከገፋ ቸርኬ ከመግዛት በፊት ቦኮላውና ቴስቲናው (የእግሮቹ ላስቲኮችና መገጣጠሚያዎች) ይታዩ። የሚንቀጠቀጥ ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ላይ አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። ጎማው ከፍ ስለሚል ልክ የነበረ የፍጥነት መቁጠሪያም ይዋሻል፤ 100 ሲያሳይ በእውነት 103 ገደማ ናችሁ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ የምትገቡ ልብ በሉት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ አንዱን ጎማ የገባበት ቸርኬ እንዲያስሞክራችሁ ለምኑት። ጎሚስታ ቤት ክሪክ ላይ አስነሱና አስገቡት። መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም በኩል ጠምዝዙ፤ በጎማው ጎንና በአሞርዛተሩ መካከል ጣት ማለፉን እዩ። ከዚያ መኪናዋን አውርዱና የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ቀቡት። ሁለት ወፍራም ጓደኞች ቸርኬው በገባበት በኩል ተጭነው ብሬከር ላይ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ጠመኔው ጎማው ላይ ከታተመ ቸርኬውን መልሱለት።