ፖስታ ቤት ለደብዳቤ ብቻ ነበር? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፖስታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ደብዳቤ ነው። ስለ ጋዜጣና ስለ ልዩ መላኪያዎች ታሪክ ግን የተዛባ ነገር ሲነገር እሰማለሁ። እስቲ የአሜሪካን ታሪክ እንይ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ፖስታ የተቋቋመው ለደብዳቤ ነው፤ ጋዜጣ ትርፍ ጭነት ነበር»

በ1792 የወጣው የፖስታ ሕግ ሌላ ነው የሚለው። አንድ ጋዜጣ እስከ 100 ማይል ድረስ በ1 ሳንቲም ይሄድ ነበር። ከዚያ ቢርቅም ከአንድ ሳንቲም ተኩል አያልፍም። ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ግን እንደ ርቀቱ ከ6 እስከ 25 ሳንቲም ያስከፍላል። አሳታሚዎች ደግሞ ጋዜጦቻቸውን እርስ በርስ በነፃ ይለዋወጡ ነበር። የሩቁ ከተማ ወሬ በትንሿ ከተማ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ወጪውን ማን ቻለው? ደብዳቤ የሚጻጻፈው ሰው ነዋ! በ1832 ጋዜጣ ከፖስታው ክብደት እስከ 95 በመቶ ይይዝ ነበር። የሚያስገባው ገቢ ግን ከ15 በመቶ አይበልጥም። ለነጋዴ ኪሳራ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ግን የመረጠው ሕዝብ መንግሥቱ የሚሠራውን ማወቅ አለበት ብለው ነበር የተነሡት። ለእኔ ከዚያ ዘመን ሕጎች አርቆ አሳቢ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው።

«ክፍያው እስከተፈጸመ ድረስ ማንኛውም ጽሑፍ ይደርስ ነበር»

አይደርስም ነበር። በሐምሌ 1835 የባርነት ተቃዋሚዎች ከኒው ዮርክ ባርነት ወደሚፈቀድባቸው የደቡብ ግዛቶች ጽሑፎች ላኩ። ቻርልስተን በተባለችው የደቡብ ከተማ ሰዎች ፖስታ ቤቱን ሰብረው ገቡና ጽሑፎቹን ወሰዱ፤ በማግስቱ ማታ አደባባይ ላይ አቃጠሏቸው። የፖስታ ሚኒስትሩ አሞስ ኬንዳልም ጽሑፎቹ የግድ ይታደሉ ብሎ ለማዘዝ ፈቃደኛ አልሆነም። በ1836 ፖስታን ያለአግባብ ማገት በሕግ ተከለከለ። በደቡብ ግን ማገቱ ቀጠለ። ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ አስፈጻሚው ከፈራ ወይም ካደላ ዜጋው ምን ይጠቅመዋል? ይህ ታሪክ ሁሌም ያናድደኛል።

«የአደራ ደብዳቤ ቶሎ ይደርሳል»

በ1855 ሲጀመር ዓላማው ጥበቃ እንጂ ፍጥነት አልነበረም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይመዘገባል፤ ምዝገባው ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ለጥድፊያ የመጣው በ1885 የተጀመረው ልዩ ፈጣን መልእክት ነው። 10 ሳንቲም ሲጨመርበት መልእክተኛ ወዲያው ቤት ድረስ ያደርሰው ነበር።

«ለዓይነ ስውራን በነፃ መላክ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው»

ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በጣት ተዳስሶ የሚነበብ መጽሐፍ ወፍራምና ከባድ ነው፤ የመላኪያ ዋጋው አይቀመስም ነበር። በ1904 የወጣ ሕግ ቤተ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን የሚያውሷቸው መጻሕፍት ሲሄዱም ሲመለሱም ያለ ክፍያ እንዲጓዙ ፈቀደ።