«ጂሲኤሱ 8 ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?
ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ጂሲኤሱ 8 ነው» ሲባል ከሰማችሁ፣ ጂሲኤስ (ግላስጎው ኮማ ስኬል) የንቃት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩም የበሽተኛው የንቃት መጠን ነው። መለኪያውን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ሦስት ነገር ይታያል፦ ዓይን መግለጥ እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ እንቅስቃሴ እስከ 6። ሲደመር 15 ከመጣ በሽተኛው ነቅቷል። 8ና ከዚያ በታች አብዛኛውን ጊዜ ኮማ (ጥልቅ ራስን መሳት) ይባላል።

ግር የሚያሰኘው ታችኛው ጫፍ ነው። ትንሹ ውጤት 3 እንጂ ዜሮ አይደለም፤ ምንም ምላሽ ባይኖርም ለእያንዳንዱ 1 ይሰጣል። እና 3 መባሉ «ትንሽ ይሰማዋል» ማለት አይደለም፤ ብቻውን «ሞቷል» ማለትም አይደለም።

ሐኪሙ የበሽተኛውን ጥፍር ጠበቅ አድርጎ ሲጫን ብታዩ አትቆጡ። እጁን ይሰበስብ እንደሆነ እያየ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ከገባ ግን መናገር ስለማይችል የንግግሩ ነጥብ አይለካም። «ቁጥሩ ከትናንቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ብላችሁ ጠይቁ።