ወርከር ምንድን ነው? ከጀርባ የሚሠራውን ፕሮግራም ከተርሚናል ማስነሳት

ደሴ ውስጥ አንድ የቁጠባና ብድር ማህበር አለ እንበል። 1,200 አባላት አሉት። ወሩ ሲያልቅ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ «መግለጫ ላክ» የሚለውን ትጫናለች። ሲስተሙ የእያንዳንዱን አባል ሂሳብ አስልቶ በስልኩ መልእክት መላክ አለበት። አንዱ መልእክት ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉም 600 ሰከንድ ይፈጃል። አሥር ደቂቃ መሆኑ ነው።

ዌብ ሰርቨር ደግሞ አሥር ደቂቃ የሚታገስ አንጀት የለውም። ጉኒኮርን የሚባለው የፓይተን ዌብ ሰርቨር፣ መቼቱን ካልነካችሁት በስተቀር፣ 30 ሰከንድ አንድ ሥራ ላይ ድርቅ ያለን ፕሮሰስ ይገድለዋል። ከፊት ሆኖ ጥያቄውን የሚቀበለው ኤንጂንኤክስም ከጀርባው ያለው ፕሮግራም 60 ሰከንድ ዝም ካለበት ተስፋ ቆርጦ 504 የሚል ስህተት ይመልሳል። ጸሐፊዋ ስህተቱን ስታይ ምን ታደርጋለች? ደግማ ትጫናለች። በ30 ሰከንዱ የተላከላቸው የመጀመሪያዎቹ 60 አባላት ሁለቴ ይደርሳቸዋል፣ ለቀሩት 1,140 ምንም የለም።

መፍትሔው ሥራውን ከዌብሳይቱ ትከሻ ላይ ማንሳት ነው። ፒያሳ ልብስ ሰፊ ጋ ስትገቡ በር ላይ ያለው ሰው ይለካችኋል፣ ጨርቁ ላይ ወረቀት ይሰካል፣ «ቅዳሜ ኑ» ብሎ ይሸኛችኋል። እሱ አይሰፋም። የሚሰፉት ውስጥ ናቸው፤ ከክምሩ አንድ አንድ እያነሱ ይሠራሉ። ዌብሳይቱ በር ላይ ያለው ሰውዬ ነው። ክምሩ ወረፋው ነው። ወርከር የሚባለው ደግሞ ውስጥ መኪናው ላይ የተቀመጠው ነው።

ስለዚህ ወርከር ማለት ወረፋውን ሁሌም እያየ፣ ሥራ ሲገባ አንስቶ የሚሠራ፣ ከዌብሳይቱ የተለየ ፕሮግራም ነው። ወረፋው የሚቀመጥበት ሦስተኛ ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ጊዜ ሬዲስ ወይም ራቢትኤምኪው ነው። ፓይተን የሚጽፉ ሰዎች ወርከሩን በሴለሪ ይሠሩታል። ፒኤችፒ የሚጽፉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ላራቬል የራሱ አለው፣ የሩቢ ሰዎች ደግሞ ሳይድኪክ አላቸው። እዚህ በሴለሪ ላስረዳ፤ ሐሳቡ ሁሉም ጋ ያው ነው።

«የተለየ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ሰው ወርከር ላይ የሚቸገረው አብዛኛውን ጊዜ እሷን ስለሚረሳ ነው።

ማስነሳቱ ቀላል ነው። ፕሮጀክቱ ያለበት ፎልደር ውስጥ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ትከፍታላችሁ። ሴለሪ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁ ኤ፣ ከዚያ የፕሮጀክታችሁ ስም፣ ከዚያ ወርከር። የሎጉን (ወርከሩ የሚሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ) ደረጃ ኢንፎ አድርጉት። ላራቬል ላይ ከሆናችሁ ትዕዛዙ ፒኤችፒ አርቲሳን ኪው ወርክ ነው፤ ኪውና ወርክ መሀል ሁለት ነጥብ አለ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ ልጆች፣ ላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ ከሆነ ሴለሪ ከ4ኛው ስሪቱ ጀምሮ ዊንዶውስን በይፋ አይደግፍም። ወርከሩ ይነሳል፣ ሥራው ግን አይሠራም። አብሽሩ፣ ፑሉን ሶሎ (ባንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ) ብላችሁ ስታስነሱት ለመለማመጃ ይበቃችኋል።

ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚደረድረውን ብዙ ሰው አያነበውም። አንብቡት። የትኛው ሬዲስ ጋ እንደተገናኘ፣ ስንት ሥራ ባንድ ጊዜ እንደሚይዝ፣ የትኛውን ወረፋ እንደሚያይ ይነግራችኋል። ከሥሩ የሚያውቃቸውን ሥራዎች በስም ይዘረዝራል። «መግለጫ ላክ» የሚለው ፈንክሽናችሁ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ፣ ጸሐፊዋ ቀኑን ሙሉ ብትጫን ወርከሩ «የማላውቀው ሥራ መጣ» ብሎ ይጥለዋል።

አሁን ወደ «የተለየ»ው እንመለስ። ወርከሩ ሲነሳ ኮዳችሁን አንዴ አንብቦ ሜሞሪ ውስጥ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ብትቀይሩት ጉዳዩ አይደለም። የመልእክቱን ጽሑፍ አስተካክላችሁ፣ ዌብሳይቱን አድሳችሁ፣ ስልክ ላይ ግን የድሮው ጽሑፍ ሲመጣ ኮዱን ሰዓታት አትቆፍሩ። ወርከሩን አጥፍታችሁ አስነሱት። ላራቬል ለዚህ ኪው ሪስታርት የሚባል ትዕዛዝ አለው፤ አዲስ ኮድ በጫናችሁ ቁጥር እሱን ማስኬድ ግዴታ ነው።

ማጥፋቱም ሥርዓት አለው። ኮንትሮል ሲን አንድ ጊዜ ስትጫኑ ሴለሪ የያዘውን ሥራ ጨርሶ፣ አዲስ ሳይነካ ይወጣል። ሰው ግን አይታገስም፤ ወዲያው አልዘጋ ሲለው ደግሞ ይጫናል። ሁለተኛው «ያለህበት ጣለው» ማለት ነው። ኪል ዘጠኝ የሚባለው በግድ የሚገድል ትዕዛዝ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ፕሮግራሙ መሞቱን እንኳ ሳያውቅ ይሞታል።

ተርሚናሉን ስትዘጉስ? በኤስኤስኤች ከሩቅ የገባችሁበት ሰርቨር ላይ ከሆነ ወርከሩም አብሮ ይሄዳል። ተርሚናሉ ቢዘጋም ፕሮግራሙን የሚያቆየው ኖሃፕ ወይም ቲመክስ ለአንድ ምሽት ይሠራል። ለእውነተኛ ሥራ ግን ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን በሚያስነሳውና በሚያቆመው ሲስተምዲ ላይ ሰርቪስ አድርጉት። አቦ፣ ይሄን እንደ ትርፍ ሥራ አትዩት። ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ከሆነና መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ወርከሩን ማን ያስነሳዋል? ሲስተምዲ ላይ ስታርት አሁን ያስነሳል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የሚያስነሳው ኢኔብል ነው። አንዱን አድርጎ ሌላውን የረሳ ሰው የሚያውቀው ከመጀመሪያው የመብራት መጥፋት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ሲስተምዲ ካልነገራችሁት ሰርቪስ ሲያቆም 90 ሰከንድ ብቻ ጠብቆ በግድ ይገድላል፤ ረጅም ሥራ ካላችሁ ጊዜውን አስረዝሙት።

መብራት ካነሳን አይቀር፣ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ወርከሩ 700ኛውን አባል ይዞ ሳለ መብራት ቢጠፋ ያ ሥራ የት ይገባል?

ሴለሪ ካልነካችሁት በስተቀር ሥራውን ሊጀምር ሲል «ተረከብኩ» ብሎ ከወረፋው ላይ ያስፋቀዋል። ከዚያ መብራት ቢሄድ ሥራው የለም። ማንም አያስታውሰውም። አክስ ሌት የሚባለውን ምርጫ ስታበሩ ደግሞ ከወረፋው የሚፋቀው ካለቀ በኋላ ነው። መብራት ቢሄድ ሥራው አለ፣ ግን ግማሽ ተሠርቶ የነበረው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሬዲስ ላይ ደግሞ ወዲያው አይመለስም፤ መነሻው የጥበቃ ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ሬዲስ ራሱም ወረፋውን የሚይዘው ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ወደ ዲስክ የሚገለብጠው በየተወሰነ ጊዜ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሊጠፉ ይችላሉ። ኤኦኤፍ የሚባለውን፣ ለውጦችን ዲስክ ላይ የሚመዘግበውን ምርጫ፣ በየሰከንዱ እንዲጽፍ አድርጋችሁ ብታበሩት ጉዳቱ ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ይወርዳል።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ሥራው ይጥፋ ወይስ ይደገም? እኔ ይደገም ባይ ነኝ። ግን ሥራው ሲደገም ጉዳት እንዳያመጣ አድርጎ መጻፍ የናንተ ፋንታ ነው። መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርስ አባሉ ስቆ ያልፋል። ወለድ ሁለት ጊዜ ቢደመር ጉድ ይፈላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አባልና ለእያንዳንዱ ወር ዳታቤዙ ላይ አንድ መዝገብ ብቻ እንዲኖር ቆልፉት። ወለዱን መደመሩና «የጥር ወር ተሠርቷል» ብሎ መመዝገቡ አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁን። ወይ ሁለቱም ይሆናሉ ወይ ሁለቱም አይሆኑም። እንዲህ ከሆነ ሥራው አሥር ጊዜ ቢደገም ዘጠኙ መዝገቡን አይቶ ይመለሳል። 1,200ውን ባንድ ሥራ አታጭቁት፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ሥራ ወረፋ ላይ ይግባ። መብራት ሲሄድ የሚጎዳው በእጅ ያለው ብቻ ይሆናል።

ስንት ወርከር ይበቃል? ሴለሪ ካልነገራችሁት በማሽኑ የፕሮሰሰር ኮር ቁጥር ልክ ይነሳል። ባለ አራቱ ያን አሥር ደቂቃ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያወርደዋል። ኮንከረንሲውን (ባንድ ጊዜ የሚሠሩትን ቁጥር) 20 አድርጋችሁ አትንጠራሩ። በጃንጎ (የፓይተን ዌብሳይት መሥሪያ) የተሠራ አፕ የጫነ አንድ ፕሮሰስ 100 ሜጋባይት ቢይዝ፣ ባለ አንድ ጊጋው ሰርቨር ላይ 20ው አይገቡም። ሜሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ አንዱን መርጦ ይገድላል።

ከቁጥር ይልቅ ወረፋ መለየት ይጠቅማል። ወደ አካውንቱ ሊገባ የማረጋገጫ ኮድ የሚጠብቅ አባል ከ1,200 መግለጫ ኋላ መሰለፍ የለበትም። ለሱ ሌላ ወረፋ ስጡት፣ ወርከሩን ስታስነሱ ሰረዝና ትልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል ኪው ተጠቅማችሁ ያን ወረፋ ብቻ የሚያይ ሌላ ወርከር አስነሱ።

በሰዓቱ ራሱ እንዲጀምር ከፈለጋችሁ ቢት የሚባል ሌላ ትዕዛዝ አለ። አንድ ብቻ አስነሱ፤ ሁለት ቢት ካለ ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ወረፋ ይገባል። ሰዓቱን የአዲስ አበባ ካላላችሁት በግሪንዊች ነው የሚሄደው፤ እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ያላችሁት መልእክት አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ቀኑስ? ቢት የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ነው። የኛ ወር በ30 ሲያልቅ የነሱ ሌላ ቦታ ላይ ነው፣ መስከረም 1 ራሱ አንዴ ሴፕቴምበር 11 አንዴ 12 ይውላል፣ ጳጉሜም አለች። ቀላሉ መንገድ ቢቱን በየቀኑ ማስነሳት ነው። ሥራው ገብቶ የኢትዮጵያን ቀን ይይ፤ 30 ካልሆነ ይውጣ።

መልእክት አልሄደም ሲሏችሁ መጀመሪያ የወረፋውን ርዝመት እዩ። ሬዲስ ላይ ኤል ሌን የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ካልቀየራችሁት የወረፋው ስም ሴለሪ ነው። ቁጥሩ እያደገ ከሄደ ወርከሩ ሞቷል ወይ አንሷል። ቁጥሩ እየቀነሰ፣ ሥራው ግን የትም ካልታየ፣ እዚያው ሬዲስ ጋ የተገናኘ ሌላ ወርከር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፕሮግራመሮቹ ያንዱ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ትናንት ሲሞክር ከፍቶ የረሳው። ደውሉና «ዝጋው» በሉት፣ ኮንትሮል ሲ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።