ምርጫ ያለው ቪዲዮ ሀብታም ብቻ የሚሠራው አይደለም

ተመልካቹ እየነካ ታሪኩን የሚመራበት ኢንተራክቲቭ ቪዲዮ ሲነሳ የሥልጠና ቪዲዮ የሚያሠሩ ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፦ «እሱ የትልልቅ ኩባንያ በጀት ይፈልጋል።» ሰለቸን፤ ልክም አይደለም። ወጪውን የሚያንረው ካሜራው ሳይሆን ስክሪፕቱ ነው።

አምስት ጊዜ ሁለት ሁለት ምርጫ ሰጥታችሁ መንገዶቹን ካላገናኛችኋቸው ከመግቢያው ጋር 63 የቪዲዮ ቁራጭ ትቀርጻላችሁ። ተመልካቹ የሚያየው 6ቱን ብቻ ነው! ከየምርጫው በኋላ ሁለቱን መንገድ ወደ አንድ የጋራ ትዕይንት ብትመልሱ ግን 16 ቁራጭ ይበቃል፤ ተመልካቹም 11ዱን ያያል።

ለምሳሌ በባንክ ሥልጠና ቪዲዮ ላይ ደንበኛው «ብር ጎደለኝ» ብሎ ተቆጥቷል እንበል። ገንዘብ ከፋይዋ ወይ ፊቱ ደግማ ትቆጥራለች፣ ወይ ኃላፊ ትጠራለች። ሁለቱም መንገዶች ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ይገናኛሉ። እዚያ ላይ «ኃላፊው እንዳሉት» የምትል አንዲት ቃል ሳታስቡት ከገባች፣ ኃላፊ ያልጠራው ተመልካች ግራ ይገባዋል። የጋራ ትዕይንቶችን ከየአቅጣጫው እየመጣችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።

ይህን ለመሥራት ፕሮግራመር አያስፈልግም፤ ዩቲዩብ ይበቃል። የመጨረሻዎቹን ቁራጮች መጀመሪያ አፕሎድ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ መግቢያው እየተመለሳችሁ በኤንድ ስክሪን (ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ላዩ ላይ በሚወጣው፣ ሲነካ ወደ ሌላ ቪዲዮ በሚወስደው ምልክት) አያይዟቸው። ኤንድ ስክሪን የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ከ5 እስከ 20 ሰከንዶች ነው፤ ከ25 ሰከንድ ያነሰ ቪዲዮ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ከየቁራጩ መጨረሻ ንግግር የሌለበት 10 ሰከንድ ቅረጹ፤ ተዋናዩ መሃል ይቁም፣ ግራና ቀኙ ለምርጫዎቹ ባዶ ይሁን። «ለልጆች የተሠራ» ብላችሁ ካስገባችሁት ግን ኤንድ ስክሪኑን እርሱት።

«አዲስ ፋሽን ነው» ለሚሉ፦ በ1967 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ኤክስፖ ኪኖአውቶማት የተባለው የቼኮዝሎቫኪያ ፊልም ተመልካቹን በቀይና አረንጓዴ ቁልፍ ያስመርጥ ነበር። የእሱም መንገዶች ተመልሰው ይገናኙ ነበር።

«ዳታ ይበላል» ለሚሉ፦ ማጫወቻው ሁሉንም መንገድ አስቀድሞ እንዲያወርድ ካልተደረገ በቀር የሚወርደው የተመረጠው ብቻ ነው።

«ምርጫው ሲነካ ምስሉ የሚቆመው በኔትወርኩ ምክንያት ነው» ለሚሉ፦ በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ በአንድ ፋይል ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ የምታዘልሉ ከሆነ መጀመሪያ ኪፍሬሙን (ሙሉ ምስል የያዘውን ፍሬም) ተመልከቱ። ማጫወቻው ምስሉን መፍታት የሚጀምረው ከኪፍሬም ነው፤ ኪፍሬሙ 10 ሰከንድ ወደኋላ ከሆነ ያን ሁሉ ፈትቶ እስኪደርስ ምስሉ ይቆማል። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቪዲዮ በየ50 ፍሬሙ ኪፍሬም አስገቡ፤ የየመንገዱ መነሻ ላይ ደግሞ የግድ አንድ ይኑር።